የተሰበረውን ቅርንጫፍ ማን አጠጣው? ስለ ቤተ እስራኤል መታደስ የምንናገረው ሲመረመር

ባለፈው ክረምት ከነቀምት በስተሰሜን ባለችው በኡኬ ከተማ ለተሰበሰቡ ወንጌላውያንና ሽማግሌዎች የሮሜን መልእክት ሳስተምር ምዕራፍ 11 ላይ ደረስን። ስለ ወይራው ዛፍ፣ ስለ ተሰበሩት ቅርንጫፎችና በመካከላቸው ስለ ገባው የዱር ወይራ እንደ ወትሮው አብራራሁ፤ ሰሌዳውም ላይ ሥዕል ሣልሁ። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ ተነሡና በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ቄስ፣ እኛ ገበሬዎች ነን። የተሰበረ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ሲወድቅ በሦስት ቀን ይደርቃል። ይህኛው ይህን ሁሉ ዘመን ሳይደርቅ የቆየው ማን እያጠጣው ነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ» አልኋቸው። መልሱ ስሕተት የለበትም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እሱስ እሺ፤ በማን እጅ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ስለ አይሁድ ማኅበረሰብ መታደስ በመድረኮቻችን የሚነገረው በአብዛኛው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው የትንቢት መልክ ነው፤ ሰባኪው 1948ን፣ በ1984 መጨረሻ የተጀመረውን የሙሴ ዘመቻና በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ያሻገረውን የሰሎሞን ዘመቻ ጠቅሶ ሰዓቱ እንደ ደረሰ ያውጃል። (እዚህም ከዚህ በታችም ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው የሚሲዮን ታሪክ መልክ ነው፤ በዚህኛው ቤተ እስራኤል ደፋር ሚሲዮናውያን የተላኩለት፣ ጥቂት ፍሬ የሰጠ አስቸጋሪ መስክ ነው። በመጀመሪያው አነጋገር አይሁድ ምልክት ናቸው፤ በሁለተኛው ደግሞ እርሻ። በሁለቱም ውስጥ ሰዎች ሆነው፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ፣ ገንዘብ አጥተው የሚጨነቁ፣ በመሪዎቻቸው የሚጣሉና እንደ ገና የሚጀምሩ ሰዎች ሆነው አይታዩም። የሽማግሌው «በማን እጅ?» የሚያርፈው ግን ልክ እዚህ ላይ ነው።

እጆቹን ፍለጋ የምንጀምረው ከራሳችን ቤት ነው። በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለ፣ ራሱ በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሚሲዮናዊ፣ ክርስትናን በአይሁድ መካከል ለማስፋፋት ለንደን ውስጥ በተመሠረተው ማኅበር ተልኮ ወደ ጎንደር አገር ገባ። ከእርሱ ጋር የሠራው ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ቤት የወጣ ሰው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱላቸው የሚያምኑት ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ግዴታ ነበር። ቅድስት ክሪሾና የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመለት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው በዚያው ቦታ ነው። አያቶቻችን በወለጋ ያነበቡት መጽሐፍና ወደ ቤተ እስራኤል የተላከው ሚሲዮናዊ የወጡት ከአንድ ደጃፍ ነው።

ሚሲዮናውያኑ ያደረጉትን በሐቀኝነት እንመልከት። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ ያነብባሉ፤ የሚያነብቡት ቀሳውስቱና መነኮሳቱ ናቸው። አዎ፣ መነኮሳት ነበሯቸው፤ ቀሳውስቱን የሚያሠለጥኑትም እነርሱ ነበሩ። ሚሲዮኑ በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ገባና ምንኩስና በኦሪት የት ተጻፈ፣ ከኢየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት መሠዋት በዘዳግም 12 አልተከለከለም ወይ እያለ ይከራከር ጀመር። ክርክሩ ከእኛ አንጻር ትክክል ነበር፤ እኔም በዚያ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ነገር ግን የወደቀው አንድ ልማድ ብቻ አልነበረም። ማኅበረሰቡ መምህራኑን የሚያፈራበት ዐምድ ነበር የተናጋው። በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ወደ ተስፋይቱ ምድር እናልፋለን ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ተነሡ፤ ባሕሩ ይከፈልልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው፤ በመንገድ ላይ ረኃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጀ። ከዚያ ደግሞ ከ1888 ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። ጥፋቱን ሁሉ በሚሲዮኑ ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል፤ ሚሲዮኑ ሲደርስ የነበረውና ሲወጣ የቀረው ማኅበረሰብ አንድ ዓይነት ነበር ማለትም እንዲሁ ሐሰት ነው።

የአውሮፓ አይሁድ የነቁት ሚሲዮኑን አይተው ነው። በ1867 የፓሪሱ አሊያንስ እስራኤሊት ዩኒቨርሰል ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለውን ሊቅ ላከ። ቤተ እስራኤል ነጭ አይሁዳዊ አለ ብለው አላመኑትም፤ ሌላ ሚሲዮናዊ የመጣባቸው መስሏቸው ነበር። ሃሌቪ ተመልሶ «ወንድሞቻችን ናቸው፣ ትምህርት ቤት ይከፈትላቸው» ብሎ አመለከተ። ትልቁ ድርጅት ግን ለአርባ ዓመት ያህል አንድም ነገር አላደረገላቸውም።

ትልቁ ድርጅት የተወውን ያነሣው አንድ ሰው ነው። የሃሌቪ ተማሪ የነበረው የፖላንዱ ተወላጅ ዣክ ፋይትሎቪች ከባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ ገንዘብ አግኝቶ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። ኦነሲሞስ ከኤርትራ ተነሥቶ ነቀምት የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ፋይትሎቪች በአስመራ ሲያልፍ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚማር አንድ የቤተ እስራኤል ወጣት አገኘ፤ ታምራት አማኑኤል ይባላል። በ1905 ከሌላ ወጣት ጋር ወደ ፓሪስ ወሰደው። «ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ ያነበባችሁ ሴሚናሪያን ታምራትን በጸሐፊነቱ ታውቁታላችሁ። የኦነሲሞስ ሚሲዮን ተማሪ እንደ ነበረ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ የሴሚናሪ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ አልሰማሁም። ስለ ስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በተማርነው ሁሉ ውስጥ ታምራት የለም፤ ምክንያቱም ከእኛ ጋር አልቀረም።

ፋይትሎቪች ያቋቋመው ነገር ዛሬ ስታርታፕ የምንለው ዓይነት ነው። ፍሎረንስ ላይ ራቢ ማርጉሊስ የሚመሩትን ትንሽ ኮሚቴ መሠረተ፤ በኋላም በጀርመንና በኒው ዮርክ ተመሳሳዮች ተቋቋሙ። ሠራተኛ የለም፣ ሕንፃ የለም፤ ደብዳቤ፣ ልመናና የአንድ ሰው ግትርነት ብቻ። አሊያንስ በ1908 ሃይም ናሁም የተባሉትን ራቢ ልኮ ጉዳዩን አስጠና፤ ራቢው ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም የሚል ሪፖርት ይዘው ተመለሱ። ሆኖም በ1913 በደምቢያ አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1923 ደግሞ በአዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ታምራት ኃላፊ ሆነ። ሃያ አምስት ያህል ወጣቶች ወደ አውሮፓና ወደ ፍልስጥኤም ተላኩ።

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ፤ ፋይትሎቪችንም ዝም ብዬ ላመሰግነው አልፈልግም። እርሱ የታገለው ሚሲዮኑን ነበር፤ ያፈረሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሚሲዮኑ ያፈረሰውን ያንኑ ነው። ምንኩስናውን አልወደደም፤ መሥዋዕቱን አልወደደም፤ የሰንበት ሻማና የዕብራይስጥ ጸሎት አስገባ። ሕፃናቱን ከቤተ ሰባቸው ነጥሎ በባዕድ አገር አሳደጋቸው፤ ከእነርሱ መካከል በበሽታ የተቀጠፉ አሉ፣ ተመልሰውም መንደራቸው እንግዳ የሆነባቸው አሉ። ታምራት ራሱ ከመምህሩ ጋር ሁልጊዜ አልተስማማም። ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤልን ሃይማኖት የዓለም አይሁድ ከደረሰበት ወደ ኋላ እንደ ቀረ ነገር አየው፤ ሚሲዮናውያኑም ወንጌል ከደረሰበት ወደ ኋላ እንደ ቀረ አይተውት ነበር። ሁለቱም ያመጡት ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም ቄሱን ሳይጠይቁ ነው የጀመሩት።

ልዩነቱ ግን አለ፤ ልዩነቱም የጽሑፌ ዋና ነገር ነው። የፋይትሎቪች ተማሪዎች ተመልሰው ለገዛ ወገናቸው መምህራን ሆኑ። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በጣሊያን ወረራ ዘመን ተዘጋ፤ ታምራት ተሰደደ፤ ከነጻነት በኋላ መንግሥቱን አገልግሎ በ1963 በኢየሩሳሌም ሞተ። ሥራውን የተረከበው በኢየሩሳሌምና በፍራንክፈርት የተማረው፣ በጎንደር አጠገብ የወለቃ ተወላጅ ዮና ቦጋለ ነው። በ1953 የአይሁድ ኤጀንሲ በአስመራ የመምህራን ትምህርት ቤት ሲከፍት ዮና መንደር ለመንደር እየዞረ ትምህርት ቤቶችን ያደራጅ፣ የአይሁድን የበዓላት አቆጣጠር በአማርኛ እያዘጋጀ ይበትን ነበር። የአስመራው ትምህርት ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲዘጋና ገንዘቡ ሲቆም ብዙዎቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች አብረው ወደቁ። አምቦበር ላይ ያለው ግን ቀረ። የአቆጣጠሩ ወረቀትም ቀረ። በየተራራው ያለች መንደር ፋሲካዋን መቼ እንደምታከብር የምታውቀው ከዚያ ወረቀት ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ስንት ፕሮጀክት እንደሚበልጥ የሚያውቅ የገጠር ወንጌላዊ ካለ ይህን ይረዳኛል።

ስግድን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከአስተሥርዮ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን ቤተ እስራኤል ጾመው፣ አንዳንዶቹ ድንጋይ በራሳቸው ተሸክመው፣ ወደ ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ኦሪቱን በጃንጥላ ሥር ይዘው ይወጡና በግእዝ ያነብባሉ፤ የተነበበውም ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ከሰዓት በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይደሰታሉ። ነህምያ 8ንና 9ን ከፍታችሁ ብታነብቡ ሥርዓቱን ታገኙታላችሁ፤ ዕዝራ ከፍ ካለ ስፍራ ማንበቡ፣ ሌዋውያኑ ማስረዳታቸው፣ ልቅሶውና ግብዣው ሁሉ አለ። ይህን በዓል ያቆየው ምንም ኮሚቴ አይደለም። ሌላው የአይሁድ ዓለም አያውቀውም ነበር፤ የፋይትሎቪች ማሻሻያ ዝርዝር ውስጥም ቦታ አልነበረውም። ነገር ግን በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አደረገው፤ ዛሬ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ይከበራል። መቶ ዓመት ሙሉ ሲማሩ የነበሩት በመጨረሻ አንድ ነገር አስተማሩ፤ ያስተማሩትም ቄሶቹ የጠበቁትን ነው።

ከ1991 በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ያስጨንቃል፤ በተለይ እኛን። በሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ ወደ ኋላ የቀሩት ብዙዎቹ አያቶቻቸው ወይም ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡባቸው ሰዎች ናቸው። ፈላሽ ሙራ ተባሉ፤ ስሙን ራሳቸው አይወዱትም። እናት ሄዳ ልጅ ቀረ፤ ወንድም ሄዶ እኅት ቀረች። ክርስትና የተነሡት በልዩ ልዩ ምክንያት ነው፤ ረኃብ፣ መሬት፣ የጎረቤት ጫና፣ ደግሞም እውነተኛ እምነት። የሚሲዮን ፍሬ የሆኑትም በመካከላቸው አሉ። ስለዚህ በጎንደር ከተማ ዓመታት የጠበቀች አንዲት እናት ታሪክ ከፍላድና ከስተርን ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። ስለ አሊያ ትንቢት ስንሰብክ ይህን ገጽ እንዘልለዋለን። በ2015 መጨረሻ የእስራኤል መንግሥት 9 ሺህ ያህሉን ለመውሰድ ወሰነ፤ አፈጻጸሙ ግን ዓመታት ተጓተተ፤ የሚጠብቁት ዛሬም አሉ።

እነዚህን ሰዎች ያቆዩአቸው እንደ ገና ትናንሽ ማኅበራት ናቸው። በ1982 በአሜሪካ የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ በአዲስ አበባና በጎንደር ግቢ ከፍቶ ልጆችን አስተማረ፣ መገበ፤ በ2000 የተመሠረተ ሌላ ማኅበርም ምግብና ሕክምና ይዞ ገባ። ሕፃናት በሕይወት የኖሩት በዚህ ነው፤ ይህን ማቃለል ኃጢአት ነው። ሆኖም ግቢው የታነጸው ለመሄድ ነው። ዕብራይስጥ የሚጠናው ለመሄድ ነው፤ ጸሎቱ እንኳ ለመሄድ ማስረጃ ይሆናል። አንድ እግሩ ደጅ ያለ ማኅበረሰብ ሽማግሌ አይሾምም፣ ዛፍም አይተክልም። ይህ የማኅበራቱ ክፋት ሳይሆን የሁኔታው ክፋት ነው። ግን በወለጋ ከተሞች የውጭ አገር ስፖንሰር የሚጠብቁ ልጆች ያሏት ቤተ ክርስቲያን ይህን ስታነብብ ባዕድ ነገር የምታነብብ አይመስለኝም።

ወደ እስራኤል የሄዱትስ? እዚያም የመጀመሪያው ምታት የወደቀው በቄሱ ላይ ነው። ዋናው ራቢነት አይሁድነታቸውን ተጠራጥሮ የጥምቀት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቃቸው፤ በ1985 ለአንድ ወር ያህል ከራቢነቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቹ ማጋባት ተከለከሉ፤ ልጆቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ስማቸው ተለወጠ። ከዚህ ቁስል ነው በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ብዙ ትናንሽ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የወጡት። ስማቸውን ስሙ፦ ከ1997 ጀምሮ በትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል ሽማግሌ የሚሆኑ ሰዎችን ያሠለጠነው «ፊደል» ይባላል፤ በ2000 ተመሥርቶ በአድልዎ ላይ በፍርድ ቤት የሚከራከረው «ጠበቃ» ይባላል። ዕብራይስጥ የሚናገሩ፣ ብዙዎቹም እዚያው ያደጉ ወጣቶች ለተቋማቸው ስም ሲፈልጉ ወደ እናታቸው ቋንቋ ተመለሱ። ገደራ በምትባል ከተማ ደግሞ የተማሩ ወጣቶች ተመልሰው በድሀው ሰፈር እየኖሩ ከአረጋውያን ጋር የጓሮ አትክልት መትከል ጀመሩ። አረጋውያኑ ገበሬዎች ናቸው፤ በአዲሱ አገር እጃቸው የሚያውቀው ነገር ተፈልጎ ሲጠየቁ ይህ ምናልባት የመጀመሪያው ነበር። ከተቋማቱ ሁሉ ይህኛው ልቤን ይነካዋል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ ሥራ፣ መብትና ትምህርት ገንዘብ ያገኛሉ፤ በግእዝ ኦሪት የሚያነብብ ወጣት ቄስ ማሠልጠን ግን ለጋሽ የሚያገኘው በጭንቅ ነው።

ይህ የለጋሽ ነገር በሰፊው የአይሁድ ዓለም ውስጥም ይታያል። በ1990 የተካሄደ የአሜሪካ አይሁድ ሕዝብ ጥናት ከሌላ እምነት ጋር የሚጋቡትን ብዛት አሳይቶ ድንጋጤ ፈጠረ። ከዚያ በኋላ ባለጠጎቹ ፋውንዴሽኖች ወጣቶችን ፍለጋ ወጡ። ጀማሪ ድርጅቶችን የሚያሳድጉ ተቋማት በ2000 ገደማ ተቋቋሙ፤ በ2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ሀዳር የተባለ፣ ራቢ ያልቀጠረና ሕንፃ የሌለው የጸሎት ማኅበር ተጀመረ፤ በ2006 ደግሞ ወጣቶች አብረው የሚኖሩባቸውና ጎረቤት የሚጠሩባቸው ሞይሼ ሃውስ የተባሉ ቤቶች ተከፈቱ። የሀዳር መሥራች ኤሊ ካውንፈር በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ የሚከራከረው ነገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ ችግሩ የሰው ቍጥር ማነስ ሳይሆን ሰው መጽሐፉን ራሱ ማንበብ፣ ጸሎቱን ራሱ መምራት አለመቻሉ ነው ይላል። መጽሐፉን ያነበበ የሉተር ልጅ «ይህማ የእኛ ነው» ማለቱ አይቀርም። ድካሙ ግን ግልጽ ነው። ሀዳር የበቀለበት ሰፈር በዓለም ላይ የተማረ አይሁዳዊ እጅግ ከበዛባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው፤ እዚያ አሥር ሰው የሚመራ ጸሎት ማግኘት በነቀምት ገበያ ቡና እንደማግኘት ነው። ዘዴው በትንሽ ከተማ ይሠራል ወይ የሚለውን ካውንፈር ያነሣዋል፤ የሰጠው መልስ ግን አላሳመነኝም። በ2008 መጨረሻ የማዶፍ ማጭበርበር ሲጋለጥና አንዳንድ የአይሁድ ፋውንዴሽኖች ሲዘጉ ደግሞ አዲስ ነገር የሚወድድ ለጋሽ የጀመረውን የማስቀጠል ግዴታ እንደማይሰማው ታየ።

ይህን ያለ ሰው ግን በእኛም ዘንድ ነበረ። በቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሓፊ ሆነው በሚመሯት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስም በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተላከውን ደብዳቤ ሁላችሁም በሴሚናሪ አጥንታችኋል። ለልማት የሚመጣው ገንዘብ በዝቶ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና የሚሰጠው ሲያንስ የቤተ ክርስቲያን አካል ይዛባል የሚል ሙግት ነበር። ደብዳቤውን ስለ ምዕራብና ስለ አፍሪካ ግንኙነት እንደ ተጻፈ አድርገን አነበብነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ከቤተ እስራኤል ታሪክ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡት። ለጋሹ ፍሎረንስ ይሁን ፍራንክፈርት፣ ለንደን ይሁን ኒው ዮርክ፣ ማኅበረሰቡን ራሱን ችሎ የሚያቆመውን የመምህር ዘር አይቶ አይሰጥም። ምክንያቱም መምህር ማፍራት በሪፖርት ላይ አያምርም፤ ሃያ ዓመት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ እጁን እንደሚያነሣ ይታወቀኛል። «አንተ የወንጌል አገልጋይ ሆነህ ክርስቶስን የማይቀበል ማኅበረሰብ ሲታደስ ደስ ይበለን ትላለህ ወይ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቀላል መልስም አልሰጥም። ጳውሎስ በሮሜ 9 መጀመሪያ ስለ ወገኖቹ የማያቋርጥ ጭንቀት አለበት፤ ይህን ጭንቀት የማይካፈል ሰባኪ ሮሜን አላነበበም። ግን ያው ጳውሎስ በምዕራፍ 11 የገባውን ቅርንጫፍ በተሰበሩት ላይ እንዳይመካ ያስጠነቅቃል፤ ሥሩ አንተን ይሸከማል እንጂ አንተ ሥሩን አትሸከምም ይለዋል። ለአንድ አይሁዳዊ ስለ ኢየሱስ መመስከር አንድ ነገር ነው። ልጁን ከመምህሩ፣ መምህሩን ከሕዝቡ መለየት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ትእዛዙን ተቀብለናል፤ ሁለተኛውን ማንም አላዘዘንም፤ ታሪካችን ግን ሁለቱን ቀላቅሎ ይዞታል። በምግብ ወረፋ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ደግሞ ምስክርነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ይህን ስል በጎንደርም በሌላም ቦታ ዛሬ የሚያገለግሉ ወንድሞችን ልብ መርምሬ አይደለም፤ ያንን ጌታ ያውቃል።

በመድረኮቻችን ላይ የበዛውን ሾፋርም ላንሣ። ሾፋር የሚነፉ፣ የአይሁድን የጸሎት ልብስ የሚለብሱ ጉባኤዎች በዝተዋል፤ በወለጋም አይቻለሁ። ከእነዚህ አገልጋዮች ስለ ስግድ የሰማ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። በገዛ አገራችን ተራራ ላይ ኦሪት ሲነበብ የኖረበትን በዓል ሳናውቅ የኢየሩሳሌምን ቀንድ ገዝተን እንነፋለን። ይህን ከመቅናት ይልቅ ከእንግድነት የመጣ ፍቅር እለዋለሁ፤ ሩቁን የሚወድድ፣ ቅርቡን የማያይ ዓይነት።

እንግዲህ ለሽማግሌው ምን ልመልስ? በማግሥቱ ጠዋት ነህምያ 8ን ከፈትሁና ስለ አባ ማሕሪ፣ ስለ ታምራት፣ ስለ ዮና ወረቀት፣ ስለ ስግድ የማውቀውን ነገርኋቸው። ሥዕል አልሣልሁም። በግእዝ ተነብቦ በአማርኛ እንደሚተረጎም ስነግራቸው ክፍሉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ተነሥተው «እኔ ልጅ ሳለሁ በአማርኛ ተነብቦ በኦሮምኛ ይተረጎምልን ነበር» አሉ። «አስተርጓሚው አባቴ ነበር። ማታ ማታ የነገውን ምንባብ እኔ አበራለታለሁ፣ እሱ ያጠናል። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረውም።» ከዚያ ትንሽ ቆዩና ስለ ታምራት ጠየቁኝ። ያ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ሲሄድ አስተማሪዎቹ ጸልየው ሸኙት ወይስ እንደ ጠፋ ቈጠሩት?